«ወዳጅነት» በዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ፤ ከደባርቅ እስከ ለንደን

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት የአማርኛ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠናው በታሪክ ሰነድነቱ ነው። እኔ በዚህ አጭር ጽሑፍ እንደ ስድ ንባብ ላነበው እሞክራለሁ። መነሻዬ የደብዳቤው ዋና መከራከሪያ የተወለደበት የደባርቅና የዳባት አካባቢ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከደባርቅ ተነሥቶ በቡይት ራስ በኩል ወደ ሳንቃበር የሚወጣው መንገድ የሚያልፍበት የስሜን ምድር፣ በዚያ ምእት ዓመት አጋማሽ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ግዛት ነበር። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1855 ውቤን ድል አድርገው፣ በዚያው በስሜን ደረስጌ ማርያም፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

የእንግሊዝ መንግሥት ከዚህ ቀደም ብሎ ዋልተር ፕላውደንን በ1848 ቆንስል አድርጎ ሾሞ ነበር። ፕላውደን በ1849 ከራስ ዓሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ባልንጀራው ጆን ቤል ደግሞ ለቴዎድሮስ አድሮ ሊቀ መኳስ እስከ መባል ደረሰ። ሊቀ መኳስ በጦር ሜዳ የንጉሡን ልብስ ለብሶ ጠላትን የሚያሳስት፣ ለንጉሡ ሞትን የሚቀበል ሹም መሆኑ ይታወቃል።

በ1860 የሸፈተው የጋረድ ሠራዊት ፕላውደንን በጎንደር አቅራቢያ አቁስሎ ማረከው፤ ፕላውደንም በዚሁ ቁስል ሞተ። ንጉሡ በዚያው ዓመት ጋረድን ለመውጋት ሲዘምቱ ቤል በደባርቅ አካባቢ በተደረገው ውጊያ ወደቀ። ንጉሡም የጋረድን ምርኮኞች ደባርቅ ላይ ፈጁ።

ደብዳቤውን ከዚህ አንጻር ስናነበው አወቃቀሩ ይገለጥልናል። ንጉሡ በመጀመሪያ ፈጣሪ ከትቢያ አንሥቶ እንዳነገሣቸው ይገልጻሉ። ቀጥለው ሁለቱ ሰዎች ስለ ንግሥቲቱ እንደ ነገሯቸው፣ ጠላቶቻቸው እነዚህን ወዳጆቻቸውን እንደ ገደሉባቸው፣ ገዳዮቹን የሥጋ ዘመዶቻቸው ቢሆኑም እንደ አጠፏቸው ያስረዳሉ። ቱርኮች የባሕሩን መንገድ ስለ ዘጉባቸው መልእክተኞቻቸው በደኅና እንዲያልፉ እንዲደረግላቸው የሚጠይቁት ከዚህ በኋላ ነው። «ወሮታዬን መልሺ» የሚል ቃል የትም የለም፤ የነገሩ ቅደም ተከተል ግን ይህንኑ ይናገራል። ለባዕድ ወዳጅ ሲል የገዛ ዘመዱን ደም ያፈሰሰ ሰው አጸፋውን መጠበቁ አይቀርም።

በእኔ አስተያየት የችግሩ ሥር ያለው «ወዳጅነት» በሚለው ቃል ላይ ነው። በ1849 ውል ቃሉ የቆንስል መቀባበልና የነጋዴ ደኅንነት ማለት ነበር። በደብዳቤው ግን የደም ጉዳይ ሆኗል። እንግሊዝ በክራይሚያ ጦርነት ከቱርክ ጎን የተሰለፈች አገር ስለ ነበረች ጥያቄው አልተመቻትም፤ ደብዳቤውም መልስ ሳያገኝ ቀረ። ይህን ዝምታ ንጉሡ እንደ ንቀት ቈጠሩት፤ በ1864 መጀመሪያ ላይ ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ። መልሱን ይዞ የመጣው ራሳም ከንጉሡ ዘንድ የደረሰው በ1866 ነው። በ1868 የናፒዬር ጦር መቅደላን ያዘ፤ ንጉሡም ራሳቸውን ገደሉ። በመቶ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍት ወደ ለንደን ተወሰዱ። በእናቱ በእቴጌ ጥሩወርቅ በኩል የስሜኑ ውቤ የልጅ ልጅ የሆነው ልዑል ዓለማየሁም ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1879 እዚያው ሞተ።

የአማርኛ ስድ ንባብ ታሪክ ሲነሣ የደብተራ ዘነብን ዜና መዋዕል እንጠቅሳለን። ይህ ደብዳቤም ከጎኑ ሊቀመጥ የሚገባው ነው። ተማሪው ደብዳቤውን ሲያነብ የተጻፈውን ቃል ብቻ ሳይሆን፣ ጸሐፊው ሳይናገር አንባቢው እንዲረዳለት የተወውን ጭምር መመርመር ይኖርበታል፤ ለንደን ሳታነበው የቀረችው ይህንኑ ነውና።