ስለ ሞተር ንቅለ ተከላና ስለ ብጁ አካላት ስያሜ

የቴክኒክ መጻሕፍትን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው የሚቸገረው በረቀቁት የሳይንስ ጽንሰ ሐሳቦች ብቻ አይደለም፤ በጋራዥ ሥራም ጭምር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአንድ ውሱን ሥራ ስያሜዎችን መመርመር ነው። ሥራውም ከመኪና ላይ ነባሩን ሞተር አውርዶ ቱርቦ ያለውን ሌላ ዓይነት ሞተር መትከልና ለዚሁ የሚያስፈልጉትን አካላት በቤት ውስጥ ማበጀት ነው። ይህ መስክ የተመረጠበት ምክንያት በውስጡ የሚፈጸም የቃል ስሕተት በወረቀት ላይ ብቻ የማይቀር በመሆኑ ነው፤ የተሳሳተ ቃል የተሳሳተ ቀዳዳ ያስበሳል፣ ሞተርም ያቃጥላል።

ሀ. «ለውጥ» እና «ንቅለ ተከላ»

«ሞተሩ ተለወጠ» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ማለት ይቻላል። አንደኛው ያረጀው ሞተር በራሱ ዓይነት መተካቱ ነው። ሁለተኛው ለዚያ መኪና ያልተነደፈ ሞተር መግባቱ ነው። በመጀመሪያው ሥራ ሁሉም ነገር በነባሩ ቡሎን ይታሰራል፤ በሁለተኛው ግን የሞተሩ መቀመጫ፣ የካምቢዮው መጋጠሚያና የጭሱ መውጫ እንደገና መሠራት አለባቸው። ለመጀመሪያው «ምትክ» በቂ ነው። ለሁለተኛው በሕክምና የተለመደው «ንቅለ ተከላ» ይስማማል። ቃሉ ከ«ነቀለ» እና ከ«ተከለ» የተገኘ ከመሆኑም በላይ፣ አንድ አካል የሌላውን ክፍል እንዲቀበል የማድረግን ሐሳብ ይዟል።

ለ. «መለዋወጫ» እና «ብጁ አካል»

የመኪና ዕቃ ሁሉ በተለምዶ «መለዋወጫ» ይባላል። ይሁን እንጂ ቃሉ «ተለዋወጠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስለሆነ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ሊገባ የሚችልን ዕቃ ያመለክታል። ለአንድ መኪና ብቻ በልክ የተሠራ ብረት ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቢሰበር ከሱቅ አይገኝም። ስለዚህ «ልዩ መለዋወጫ» ማለት ራሱን የሚቃረን አነጋገር ነው። «አበጀ» ከሚለው ግሥ የወጣው «ብጁ» ችግሩን ያቃልላል፤ «ብጁ አካል» ቢባል ትርጉሙ ግልጽ ነው። «ፈበረከ» የሚለው ግሥ ግን በፋብሪካ በብዛት ማምረትን ያስታውሳል፤ በንግግርም «ወሬ ፈበረከ» እንደሚባለው ሐሰት ወደ መፍጠር ያዘነብላል። አንድ ሰው በሞርሳና በሞረድ አንዲት ብረት ሲያዘጋጅ «አበጀ» ማለት ይሻላል።

ሐ. «ተርቦ» ወይስ «ቱርቦ»?

ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንድ ተሽከርካሪ ክንፍ ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ በሌላው ጫፍ ያለው ክንፍ አየርን አምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1905 ለፈጠራ መብት ያቀረበው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡኺ ነው። የመሣሪያውን ስም አንዳንዶች «ተርቦ» ብለው ይጽፉታል። ይህ አጻጻፍ «ተራበ» ከሚለው ግሥ ከሚወጣው «ተርቦ» ጋር በፊደል አንድ ይሆናል፤ «ሞተሩ ተርቦ ነው» የሚለውም ዐረፍተ ነገር ሁለት መልክ ይይዛል። አየር ያነሰው ሞተር በእርግጥ የተራበ ነውና ዐውዱም አያድንም። ስለዚህ «ቱርቦ» የሚለው አጻጻፍ ይመረጣል። «ወናፍ» የሚለውን ነባር ቃል ለማዋስ የሚያስብ ይኖራል። ለማብራሪያ ምሳሌነት መልካም ነው፤ ለስያሜነት ግን አይበቃም። ወናፍ በሰው እጅ እየተነፈሰ የሚሠራ ሲሆን ቱርቦ በራሱ በእሳቱ ጭስ ሳያቋርጥ የሚዞር ነው።

መ. «ትርፍ ግፊት» እና «ፍጹም ግፊት»

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይህ ነው። በመኪናው ሰሌዳ ላይ ያለው ቆጣሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ጭማሪ ብቻ ነው፤ ይህን «ትርፍ ግፊት» እንበለው። የአካባቢው አየር ሲደመርበት «ፍጹም ግፊት» ይሆናል። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 1 ባር ያህል ነው፤ አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ጠለል 2400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ ግን 0.76 ባር ገደማ ነው። ቆጣሪው 0.5 ባር ሲያሳይ ፍጹም ግፊቱ በባሕር ዳርቻ 1.5፣ በአዲስ አበባ ግን 1.26 ባር ገደማ ይሆናል። መመሪያው «ፍጹም ግፊት 1.5 ባር» ብሎ ሳለ ተርጓሚው «ግፊት 1.5 ባር» ብቻ ቢጽፍ፣ ባለሙያው ቆጣሪውን አይቶ እስከ 1.5 ያደርሰዋል፤ ፍጹም ግፊቱም ከ2.2 ባር ያልፋል። ውጤቱ የቀለጠ ፒስተን ሊሆን ይችላል። ከፍታ በዚህ መሣሪያ ታሪክም ዋና ጉዳይ ነው፤ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1918 የአውሮፕላን ሞተርን በቱርቦ የፈተነው 4300 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ ነበር።

ሠ. «ማፍሰሻ» እና «መመለሻ»

የቱርቦው ዘንግ የሚለሰልሰው በቀጭን ቱቦ በግፊት በሚመጣ ዘይት ነው። ዘይቱ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ግን ግፊት የለውም፤ በራሱ ክብደት ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ ቱቦው ሰፊና ቁልቁል የተዘረጋ መሆን አለበት። መግቢያውም በዘይት ቋቱ ውስጥ ካለው የዘይት ወለል በላይ መበጀት ይገባዋል። ይህን «የዘይት ማፍሰሻ» ማለት አሮጌ ዘይት ከሚወገድበት ከቋቱ ግርጌ ቀዳዳ ጋር ያምታታል። በዚያ የተገናኘ ቱቦ ዘይቱን ወደ ኋላ ያግተዋል፤ ቱርቦውም ዘይት ማንጠብጠብና መጨስ ይጀምራል። እዚህ ላይ «የዘይት መመለሻ» የሚለው ብቻ ትክክል ነው።

ረ. «ማያዣ ብየዳ»

የጭስ ሰብሳቢው ቱቦ መጀመሪያ በጥቂት ቦታ ተይዞ ልኩ ከታየ በኋላ ሙሉ በሙሉ ይበየዳል። የመጀመሪያውን «ነጥብ ብየዳ» ማለት ሁለት ላሜራዎችን በኤሌክትሪክ ተጭኖ ከሚያጣብቀው ሌላ ዘዴ ጋር ያደባልቃል፤ «ማያዣ ብየዳ» ይሻላል። በዚህ ሥራ ሙቀት ሁለት ጊዜ ያስቸግራል። በመጀመሪያ በብየዳ ጊዜ ወፍራሙ ፍላንጅ ይጣመማል፤ ስለዚህ ከጠንካራ ብረት ጋር በቡሎን ታስሮ ይበየዳል። ኋላም በሥራ ላይ ብረቱ ይረዝማል፤ ግማሽ ሜትር የሆነ የማይዝግ ብረት ሙቀቱ በ600 ዲግሪ ሲጨምር ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ይለጠጣል። «መጣመም» እና «መለጠጥ» ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች ናቸውና በአንድ ቃል አይጠሩ።

ከዚህ በላይ ከተባለው የሚከተለው መመሪያ ይወጣል። «ካምቢዮ»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «ማርሚታ»፣ «ኩሽኔታ»፣ «ዳዶ» የመሳሰሉት ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት በባለሙያው አፍ ሥር ስለሰደዱና አንድ አንድ ነገር ብቻ ስለሚያመለክቱ መነካት የለባቸውም። አዲስ ስያሜ የሚያሻው ነባሩ ቃል ሁለት ነገሮችን በአንድነት ሲሸከም ነው። ተርጓሚውም ቃል ከመምረጡ በፊት ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «ይህን የሚያነብ ሰው ቁልፉን በየትኛው ቡሎን ላይ ያሳርፋል?» ብሎ ነው።