እግሩ የሚንሸራተት ገጸ ባሕርይ

ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ያለ ወጣት ዛሬ በአንድ ላፕቶፕና በነጻ በሚገኘው ብሌንደር በተባለ ሶፍትዌር አኒሜሽን ሠርቶ ዩቲዩብ ላይ መጫን ይችላል። ታዲያ ብዙው የጀማሪ ሥራ ገና ሳይጋመስ ለምን ይታለፋል?

መጀመሪያ የገጸ ባሕርዩን እግር ማየት ነው። መሬት የረገጠ እግር አካሉ ወደፊት ሲሄድ ባለበት መቆየት አለበት፤ ከተንሸራተተ ገጸ ባሕርዩ ክብደት ያጣል።

ቀጥሎ አፍ። «መ»፣ «በ» እና «ፐ» ከንፈር ሳይገጥም አይነገሩም። በሀዲይኛና በከምባትኛ ደግሞ አናባቢ ይረዝማል፣ ተነባቢ ይጠብቃል። ለአማርኛ ንግግር በተሳለ አፍ ላይ የሀዲይኛ ድምፅ ከተለጠፈ ቃሉ ሳያልቅ ከንፈሩ ሊዘጋ ይችላል።

ሦስተኛው ድካምን መሸሽ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም ሲታሰብ የ5 ደቂቃ ፊልም 7,200 ፍሬም ይፈልጋል፤ አንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ቢቆይ እንኳ 3,600 ሥዕል። ጀማሪው ይህን ሲያይ ገጸ ባሕርያቱን ገትሮ ያስወራቸዋል።

ቦታውም አለ። ታሪኩ ሀዲያ ገጠር ተብሎ፣ ከኢንተርኔት በወረደው ጀርባ ላይ ከጎጆው ዙሪያ አንድ እንሰት አይታይም።

ርካሽ መሣሪያ ሰበብ አይሆንም። ሠዓሊው ዕዝራ ውቤ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሒሳብ» የተባለውን አጭር አኒሜሽን የሠራው ሸራ ላይ ቀለም እየደራረበ፣ እያንዳንዱን ለውጥ ፎቶ እያነሣ ነው። አህያ፣ ውሻና ፍየል ታክሲ የሚሳፈሩበትን የታወቀ ቀልድ አንቀሳቀሰው።

ለጀማሪ 30 ሰከንድ፣ ማለትም 720 ፍሬም፣ ይበቃል፦ ድምፁ አስቀድሞ ይቀረጽ፣ አፉ በድምፁ ይሳል።