ብርቅና ተራ ማዕድን በማዳበሪያ ዋጋ ላይ

ዕቃ በሚገኝበት አገር ርካሽ፥ በራቀበት አገር ውድ መሆኑን የዋግ ነጋዴ ከማንም አስቀድሞ ያውቃል። በአፋር ምድር በገፍ የሚቈረጠው አሞሌ ጨው ሰቆጣ ሲደርስ እንደ ገንዘብ ይመነዘር እንደ ነበር አባቶቻችን ነግረውናል። ዛሬ ለክቡራን አንባብያን የምናቀርበው ጉዳይም ይህንኑ የሚመስል ነው።

ማዳበሪያ በተወደደ ቍጥር የዝቋላ ገበሬ ለጨርቅና ለስኳር የሚተርፈው ገንዘብ ስለሚያንስ፥ የሱቃችን ገበያ ይቀዘቅዛል። ማዳበሪያውም በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚገባ ነው። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ፥ አሞኒያም ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን ነው። ሃይድሮጅንን ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ከተፈጥሮ ጋዝ ወይም ከከሰል ያወጡታል፤ ሆኖም ውኃን በኤሌክትሪክ ከፍሎ ማውጣትም ይቻላል።

ለዚህ ሥራ ካታሊስት የተባለ ነገር ያስፈልጋል። ካታሊስት እንደ ገበያ ደላላ ነው፤ ገዢና ሻጭን ፈጥኖ ያገናኛል፥ ራሱ ግን ከዕቃው ጋር አይሸጥም። አንዱ ዐይነት መሣሪያ ፕላቲኒየምና ኢሪዲየም ይፈልጋል። ፕላቲኒየም በወለጋ በዩብዶ ሲወጣ የኖረ ውድ ማዕድን ሲሆን፥ ኢሪዲየም ግን በዓለም ሁሉ በዓመት 10 ቶን እንኳ አይመረትም። ሌላው ዐይነት በኒኬል የተለበጠ ብረት ይበቃዋል፤ ኒኬልም በዓመት ከ3 ሚሊዮን ቶን በላይ ይመረታል።

ነገሩ ሕልም አይደለም። የእኛው ተከዜም አትባራን አልፎ በሚገባበት በአባይ ወንዝ ላይ፥ በአስዋን የሚገኘው ኪማ የተባለው ፋብሪካ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት በግድቡ ኤሌክትሪክ ውኃ እየከፈለ ማዳበሪያ አምርቷል። በኋላ ግን ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞሯል። ስለዚህ ዕውቀቱ ብቻ አይበቃም፤ ሒሳቡም መግጠም አለበት።

እንግዲህ እኛም እንደ ነጋዴ እናስላ። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን 50 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይፈጃል። 50 ኪሎ ለሚመዝን አንድ ከረጢት ዩሪያ 5 ኪሎ ያህል ሃይድሮጅን ስለሚያስፈልግ፥ ለዚሁ ብቻ 250 ኪሎዋት ሰዓት ይወጣል ማለት ነው። ካታሊስቱ ደካማ ሲሆን ይህ ፍጆታ ይጨምራል፤ ብርቅ ሲሆን ደግሞ የመሣሪያው ዋጋ ይንራል። ሊቃውንት ኒኬልን ከብረትና ከሞሊብዲነም ጋር እያዋሐዱ የሚደክሙት ሁለቱን ለማስታረቅ ነው።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ፥ 300 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም.፥ 5,150 ሜጋዋት ዐቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቀዋል።

ይህን የምጽፍ እኔ የንግድ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ፕሮፎርማ ሲመጣ ዐይናችን በቅድሚያ የሚያርፈው በጠቅላላው ዋጋ ላይ መሆኑን አውቃለሁ። እንዲህ ያለ መሣሪያ ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ ቢኖር ግን ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ካታሊስቱ ከምን ማዕድን ተሠራ? ስንት ሰዓት ይሠራል? መለዋወጫውስ ከየት ይመጣል? ርካሽ መስሎ የተገዛ መሣሪያ መለዋወጫ ያጣ እንደ ሆነ፥ ከሁሉ ይልቅ ውድ ሆኖ ይገኛል።