ተጨማሪ መረጃ፦ የአካባቢን ምክር ቤት በኢንተርኔት መምረጥ

በባልቲክ ባሕር ዳርቻ የምትገኘው ትንሿ አገር ኢስቶንያ፣ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ባካሄደችው የአካባቢ ምክር ቤቶች ምርጫ፣ በአገሪቱ ሁሉ ያለ መራጭ በኢንተርኔት አማካይነት በሕግ የጸና ድምፅ እንዲሰጥ በመፍቀድ ከዓለም መንግሥታት ቀዳሚ ሆነች። መራጩ ቺፕ የተተከለበትን መታወቂያውን ከኮምፒውተር ጋር ካገናኘ በኋላ፣ በመጀመሪያው የምስጢር ቁጥር ማንነቱን ያስረዳል፤ የወደደውን እጩ ከመረጠም በኋላ በሁለተኛው ቁጥር ፊርማውን ያሳርፋል። አሠራሩም ድምፁ ስም በሌለው ፖስታ ታሽጎ፣ ያም ስም በተጻፈበት በሌላ ፖስታ ውስጥ እንደ መግባት ያለ ነውና፣ ቆጠራው ሲደርስ የውጭው ተለይቶ የውስጡ ብቻ ይከፈታል፤ ማን ማንን እንደ መረጠም ኅቡዕ ሆኖ ይቀራል።

ሰው በቤቱ ሳለ በዘመድ ወይም በአለቃ ተገድዶ ይመርጥ ይሆናል የሚለውን ሥጋት ለማቃለል፣ በኢንተርኔት የሚመረጥበት ጊዜ እስኪያበቃ ድረስ ድምፁን ደጋግሞ እንዲለውጥ ተፈቅዶለታል፤ የሚጸናውም የመጨረሻው ነው። በ2005 በዚህ መንገድ የመረጡት ከ9,000 ጥቂት የሚበልጡ ነበሩ፤ በ2023 በተደረገው የፓርላማ ምርጫ ግን ከተሰጠው ድምፅ ከእኩሌታው የሚበልጠው በኢንተርኔት የተላለፈ ሆነ። ይሁን እንጂ የሥርዓቱ ጥበቃ አስተማማኝነት በኮምፒውተር ሊቃውንት ዘንድ ዛሬም ማከራከሩን አልተወም።