ሠላሳ ሁለቱ የታላቅ ሰው ምልክቶች

በቡድሂዝም ትውፊት ታላቅ ሰው የሚታወቀው ሲወለድ ጀምሮ በገላው ላይ ባሉት 32 ምልክቶች ነው። ምልክቶቹ ያሉት ሰው ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል፤ በዓለም ቢኖር በጽድቅ የሚገዛ ንጉሠ ነገሥት፣ ቢመንን ቡድሃ ይሆናል። በኋላ ቡድሃ የሆነውን ሕፃኑን ሲዳርታን ከመረመሩት ስምንት ብራህማን ካህናት ሰባቱ ሁለት ጣት አንሥተው ሁለቱንም ዕጣ ሲተነብዩ፣ በዕድሜ የሚያንሰው ኮንዳኛ ግን አንድ ጣት ብቻ አንሥቶ «ቡድሃ ይሆናል» እንዳለ ይተረካል።

ዝርዝሩ ከእግር ተነሥቶ ወደ ራስ ይወጣል። የታላቁ ሰው እግር መሬትን እኩል ይረግጣል፤ በውስጥ እግሩ ሺህ ዘንጎች ያሉት መንኮራኩር ይታያል። ቆሞ ሳያጎነብስ እጆቹ ጉልበቱን ይነካሉ፤ ክንዶቹን ሲዘረጋ ስፋታቸው ከቁመቱ ይተካከላል። ቆዳው ወርቅማ ነው፤ አቧራ አይይዘውም። ጥርሶቹ 40 ናቸው። በቅንድቦቹ መካከል ነጭ ለስላሳ ጸጉር፣ በአናቱ ላይ ደግሞ ጉብታ አለ። ከእነዚህ ሌላ 80 ንዑሳን ምልክቶች ይቆጠራሉ።

ምልክቶቹ በአጋጣሚ የተገኙ ውበቶች አይደሉም። ላካና ሱታ የተባለው በፓሊ ቋንቋ ያለ ስብከት እያንዳንዱን ባለፉት ሕይወቶች ከተሠራ በጎ ሥራ ጋር ያያይዘዋል። ወርቅማው ቆዳ ቁጣን የማስወገድና ልብስ የመመጽወት፣ 40ዎቹ ጥርሶች ሰውን ከሰው የሚያጣላ ወሬ ያለመናገር፣ ከምልክቶቹ አንዱ የሆነው ያማረ ድምፅ ደግሞ ከክፉ ቃል የመራቅ ዋጋ ናቸው።

ወደ ሥነ ጥበብ ስንመጣ፣ የጥንት ሕንድ ቀራጮች መጀመሪያ ቡድሃን በሰው መልክ ሳይሆን በእግር አሻራና በመንኮራኩር ያሳዩት ነበር። በጋንዳራና በማቱራ አካባቢዎች ምስሉ መቀረጽ ሲጀምር የአናቱ ጉብታና የቅንድቦቹን መካከል ጸጉር የሚወክለው የግንባሩ ነጥብ መለያው ሆኑ። በባንኮክ ዋት ፖ ቤተ መቅደስ የተጋደመው 46 ሜትር ርዝመት ያለው የቡድሃ ሐውልት በውስጥ እግሮቹ ላይ 108 የመልካም ዕድል ምልክቶች በሚያብረቀርቅ የሉል ዛጎል ተለብጠውበታል።

ይሁንና ምልክቶቹ ብቻቸውን ቡድሃን ለመለየት አይበቁም። ፑኩሳቲ የተባለ መናኝ በአንድ ሸክላ ሠሪ ቤት ከቡድሃ ጋር ሲያድር የቡድሃን ማንነት አላወቀም፤ የለየው ትምህርቱን ከሰማ በኋላ ነው። የአልማዝ ሱትራ የተባለው መጽሐፍም ቡድሃ በምልክት ብቻ ቢታወቅ ኖሮ ንጉሠ ነገሥቱም ቡድሃ በተባለ ነበር ሲል ይከራከራል።