ኑጉ ፍሬ እንዲቋጥር ንቧ ትጠበቅ

የንብ ነገር ሲነሣ ብዙዎቻችን የሚታወሰን ማሩና ጠጁ ነው። አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ መሆኗንም በኩራት እንጠቅሳለን። ይሁን እንጂ ንብ ለማዕዳችን የምታበረክተው ድርሻ በማር ብቻ የሚለካ አይደለም። ማሩ ለራሷ ያከማቸችው ስንቅ ነው፤ ለገበሬው የምትሠራለት ዋናው ሥራ ከአበባ ወደ አበባ ስትዘዋወር በገላዋ ፀጉር ይዛ የምታመላልሰው ብናኝ ነው።

ለዚህ ከኑግ የተሻለ ማስረጃ አናገኝም። በጥቅምትና በኅዳር በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ የተጓዘ ሰው ሁሉ ቢጫውን ማሳ ያውቀዋል። ጤፍ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ በቆሎን ነፋስ ያዳቅለዋል። ኑግ ግን የአንዱ ተክል ብናኝ በዚያው ተክል አበባ ላይ ቢያርፍ ፍሬ አይቋጥርም። ብናኙ ከሌላ ተክል መምጣት አለበት፤ ዋናዋ አመላላሽም ንብ ናት። ስለሆነም ንብ በራቀችበት ማሳ አበባው ያምር እንደሆነ እንጂ ዘይት የሚጨመቅበት ፍሬ ይመነምናል። የከተማ ነዋሪም ቢሆን ነገሩ አይመለከተኝም ሊል አይችልም፤ በጓሮው የተከላት ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባዋ ለየብቻ ስለሆነ ያለ ንብ ፍሬ አትይዝም።

አደጋው የሚመጣው ኑጉ አብቦ ሳያበቃ ነው። በአጠገቡ ያለው ሽምብራ ትል ይገባበታል፤ ገበሬውም መድኃኒት ይረጫል። ትሉ ሰብሉን እየበላበት አትርጭ ብንለው ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ጥያቄው የሰዓት ነው። ንብ ፀሐይ ሞቅ ሲል ወጥታ ሲመሽ የምትገባ በመሆኗ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ የተረጨ መርዝ በሥራ ላይ ያገኛታል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሲረጭ ጉዳቱ ያንሳል። አንዳንዱ መድኃኒት ለቀናት ስለሚቆይም አበባ በያዘ ሰብል ላይ ጨርሶ ባይረጭ ይመረጣል። ፀረ አረሙም ንቧን በቀጥታ ባይገድላት እንኳ የምትቀስመውን የማሳ ዳር አበባ ያጠፋባታል።

ንብ ከቀፎዋ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ርቃ ትቀስማለች። በመሆኑም ባለቀፎው በማያውቀው ማሳ በተረጨ መርዝ ጥሪቱን ያጣል፤ በማግሥቱ ከቀፎው አፍ ሥር የሚያገኘው የንብ ሬሳ ክምር ነው። ጥሪት ማለታችን በከንቱ አይደለም። የእርሻ መሬት ያልደረሰው ወጣት በጓሮ ይዞ ሊተዳደርበት ከሚችለው ሀብት አንዱ ንብ ነውና። የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660 በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል፤ አዋጅ ግን ከመርጫው አፍ ላይ ዘብ አይቆምም። ረጪው አስቀድሞ ለጎረቤቶቹ ቢናገር ባለቀፎው ቀፎዎቹን በሌሊት ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውራል።

የማር ንብ ብቻዋን አይደለችም። ቢራቢሮውም፣ ከመሬት በታች የምትኖረው ጣዝማም ብናኝ ያመላልሳሉ። የጣዝማ ማር ለመድኃኒት ስለሚፈለግ ጉድጓዷ ይቆፈራል፤ ቆፋሪውም ማሩን ወስዶ ጎጆዋን አፍርሶ ይሄዳል።

ሆለታ ሲባል ለወታደር አንባቢያችን ቀድሞ ትዝ የሚለው የጦር ትምህርት ቤቱ ነው፤ የንብ ምርምር ማዕከሉም የሚገኘው በዚያችው ከተማ ነው። ሠራዊቱን በቅርብ የሚመለከት አንድ ጉዳይም አለ። የክረምቱ ዝናብ ባበቃ ሰሞን ንብ ከቀፎዋ ተከፍላ ትወጣና በጦር ሰፈር ዛፍ ላይ ልትሰፍር ትችላለች። በዚህ ጊዜ ነጭ ጋዝና እሳት ፍለጋ የሚሮጥ አይጠፋም። እንዲህ ተከፍላ የወጣች ንብ ማር ጠግባ ስለምትጓዝ ካልነኳት እምብዛም አትናደፍም። ሰውና ከብት ከዛፉ ማራቅና በአቅራቢያው ያለ ንብ አናቢ ማስጠራት ይበቃል፤ እሱም ሲመሽ ባዶ ቀፎውን ይዞ መጥቶ ያስገባታል።