የኢየሩሳሌም ግንብና የዴር ሱልጣን ቁልፍ

በሀገራችን የኢየሩሳሌምን ስም ሳይሰማ ያደገ ሰው አለ ለማለት ያስቸግራል። ክርስቲያኑ በቅዳሴውና በሰሙነ ሕማማት ስግደቱ፣ ሙስሊሙ ስለ ነቢዩ የሌሊት ጉዞ ሲነገር፣ ቤተ እስራኤል ደግሞ በሲግድ በዓል ከተራራ ላይ ሆነው ወደ እርስዋ ሲጸልዩ ስምዋን ሲያነሡ ኖረዋል። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መካከል ያለው ወንዝ ዮርዳኖስ መባሉም ከዚሁ ፍቅር የመጣ ነው። እንግዲህ በስም የምናውቃትን ከተማ በእግራችን ዞረን ብናያት ምን ትመስላለች? አንባቢ ሆይ፣ እስቲ አብረን እንግባ።

አስቀድሞ ዓይን የሚሞላው ግንቡ ነው። ብዙ ሰው ዳዊትና ሰሎሞን የሠሩት ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዛሬ የሚታየውን ያሠራው የቱርኩ ሱልጣን ሱሌይማን ሲሆን፣ ሥራው የተፈጸመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1541 ዓ.ም. ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የግንቡ ዙሪያ 4 ኪሎ ሜትር፣ ከፍታው በአማካይ 12 ሜትር ያህል ይሆናል። በውስጡ የታቀፈው መሬት አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሰባት በሮች ክፍት ናቸው፤ ስምንተኛው፣ በምሥራቅ በኩል ያለው ወርቃማው በር፣ በድንጋይ እንደ ተደፈነ ይኖራል።

የገባነው በሰሜን ባለው በደማስቆ በር ነበር። ደረጃውን ወርደን ከበሩ ጥላ ሥር ስንደርስ የቡና፣ የቅመማ ቅመምና የትኩስ ዳቦ ሽታ ተቀበለን። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ጋሪ የሚገፋ ልጅ «አሳልፉኝ!» እያለ በጮኸ ቁጥር ሁሉም ወደ ግድግዳው ይጠጋል። ጥቁር ቆብ የደፋ የአርመን ቄስ፣ ለጸሎት የሚቸኩል አይሁዳዊ፣ ከመስጊድ የሚመለስ ሽማግሌ ትከሻ ለትከሻ ይተላለፋሉ። ከተማይቱ የሙስሊሞች፣ የክርስቲያኖች፣ የአይሁድና የአርመኖች ተብላ በአራት ሠፈር ተከፍላለች፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚለየው ግን አንዳንዴ አንድ ግድግዳ ብቻ ነው።

ሦስቱ ታላላቅ ስፍራዎች እርስ በርሳቸው የጥቂት ደቂቃ መንገድ ይራራቃሉ። አይሁድ የሚጸልዩበት የምዕራቡ ግንብ፣ ሮማውያን በ70 ዓ.ም. ያፈረሱት ቤተ መቅደስ የቆመበትን ሜዳ ደግፎ የያዘው ቅጥር ቅሪት ነው። ከዚያው በላይ፣ በሜዳው ላይ፣ በ691 ገደማ የተሠራው ባለ ወርቅ ጉልላቱ ቤትና የአል አቅሳ መስጊድ ይታያሉ። በስተ ምዕራብ ደግሞ ቆስጠንጢኖስ አሠርቶ በ335 የተቀደሰው የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እርሱም በ1009 ፈርሶ እንደገና የታነጸ ነው። ለዚህች ጠባብ ስፍራ ብዙ ደም ፈሷል። የመስቀል ጦረኞች በ1099 ያዟት፤ ሳላሐዲን በ1187 አስለቀቃቸው። በ1948 ዮርዳኖስ፣ በ1967 እስራኤል ያዟት፤ የባለቤትነቷም ክርክር እስከ ዛሬ አላበቃም።

በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን እንግዳውን ከሁሉ የሚያስገርመው የበሩ ቁልፍ ነው። ስድስት የክርስቲያን ወገኖች፣ ማለት ግሪኮች፣ ካቶሊኮች፣ አርመኖች፣ ኮፕቶች፣ ሶርያውያንና ኢትዮጵያውያን፣ ቤቱን እየተካፈሉ ይጸልዩበታል። ቁልፉን የሚጠብቁትና በሩን የሚከፍቱት ግን ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ሁለት የሙስሊም ቤተሰቦች ናቸው። በ1852 የወጣው የቱርክ ትእዛዝ ሁሉም ያለው እንዳለ ይቆይ ስለሚል፣ አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ ሚስማር መምታት አይችልም። ከበሩ በላይ ባለው መስኮት ሥር የተደገፈች አንዲት የእንጨት መሰላል ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከቦታዋ ያልተወገደችው በዚሁ ምክንያት ነው።

የእኛ አባቶች ድርሻ ከጣሪያው ላይ ነው። ዴር ሱልጣን ይባላል። ከገበያው ደረጃ ወጥተን በትንሽ በር ስንገባ ጭቃ የተለሰኑ ጠባብ ጎጆዎች፣ በመካከላቸውም ለታችኛው ለቅድስት ዕሌኒ ጸሎት ቤት ብርሃን የሚሰጥ ጉልላት አየን። በትንሣኤ ዋዜማ ድንኳን ተተክሎ፣ መብራት ተይዞ፣ በከበሮና በጽናጽል ዑደት የሚደረገው በዚህ ጉልላት ዙሪያ ነው።

አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ከጎጆአቸው ደጃፍ ተቀምጠው አገኘናቸውና መስቀል ተሳልመን ቆምን።

«ከየት መጣችሁ ልጆቼ?»

«ከአዲስ አበባ ነው አባታችን። ግድግዳው እንዲህ ሲፈራርስ ለምን አይታደስም?»

ፈገግ አሉና፣ «እዚህ ቤት ያደሰ ሰው ባለቤት ነኝ አለ ማለት ነው። ስለዚህ አንዱ ድንጋይ ሲያነሣ ሌላው ይጮኻል» አሉን።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1838 በገባው ወረርሽኝ መነኮሳቱ አለቁ፤ መዛግብታቸውም በዚያው ጊዜ እንደ ተቃጠሉ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ በኮፕቶች እጅ ገባ፤ እነርሱም ስፍራው የእኛ ነው፣ ኢትዮጵያውያን እንግዶች ናቸው ይላሉ። በ1970 በትንሣኤ ሌሊት የሁለቱ ጸሎት ቤቶች፣ የአርባዕቱ እንስሳና የቅዱስ ሚካኤል፣ መዝጊያ ቁልፍ ተለውጦ አዲሱ ለኢትዮጵያውያን ተሰጠ። በ1971 የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለኮፕቶች የሚያደላ ውሳኔ ሰጠ፤ ውሳኔው ግን ሳይፈጸም ቆይቷል።

«ታዲያ ወረቀቱ ከተቃጠለ ማስረጃችሁ ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«እኛ ነና!» አሉ ደረታቸውን በእጃቸው እየነኩ። «ክረምት በብርዱ፣ በጋ በፀሐዩ ከዚህ አንወርድም። አንዱ ሲሞት ሌላው ይተካል።»

ወደዚያ ለመሄድ ለሚያስብ አንባቢ ጥቂት ምክር እንጨምር። ልብስህ ጨዋ ይሁን። ወደ ምዕራቡ ግንብ የሚቀርብ ወንድ ራሱን ይሸፍናል። ወደ መስጊዱ ሜዳ ሙስሊም ያልሆነ ሰው የሚገባው በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው። ጫማህም ለድንጋይ ደረጃ የሚመች ይሁን።

በሁለቱ ጸሎት ቤቶች አልፈን ወደ ታችኛው አደባባይ ስንወርድ፣ በየመሥሪያ ቤታችን አቧራ የለበሱት መዝገቦች ትዝ አሉኝ። የአንድ ዘመን ወረቀት ቢጠፋ የልጅ ልጅ በጣሪያ ላይ ተቀምጦ ዕዳውን ይከፍላል። መዝገቡን በደኅና ያስቀመጠ ጸሐፊ ለማያውቀው ትውልድ ርስት አቆየ ማለት ነው። አባቶቻችን ግን መዝገባቸው ቢጠፋ ራሳቸውን መዝገብ አድርገው እስከ ዛሬ ተቀምጠዋል።